ሚዛን እኩል ያላቸውን እጅ ለምን እኩል አይላቸውም?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የኢላማ ተኩስ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። አሁን ሁለት ጠመንጃ እያማረጥኩ ነው። ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ሁለቱም 4 ኪሎ ከ100 ግራም ሆኑ። እጄ ላይ ግን በጭራሽ አይገናኙም። አጭሩ ይቀለኛል፤ ቆሜ ሳነጣጥር ግን ጫፉ ይጨፍርብኛል። ረጅሙ ጸጥ ይላል፤ ግን ደቂቃ ሳይሞላ ግራ እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንድ ጓደኛዬ ‹ረጅሙን ግዛና ሰደፉ ውስጥ 300 ግራም እርሳስ ክተትበት፤ ልክ ይመጣል› ይለኛል። ልስማው?»

ወንድሜ፣ ሚዛንህ አልተሳሳተም። እጅህም አልተሳሳተም። ሚዛን የሚነግርህ ስንት እንደሆነ ብቻ ነው። እጅህን የሚያስጨንቀው ደግሞ ክብደቱ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስለ ጓደኛህ ምክር በኋላ እመለስበታለሁ። ግማሹ ልክ ነው፤ የቀረው ግማሽ ግን አንተ የተቸገርክበትን ነገር ጨርሶ አይነካውም።

መዶሻ አንሳ። እጀታውን ይዘህ ወዲያና ወዲህ ወዝውዘው። አሁን ገልብጠህ ብረቱን ያዝና እጀታውን ወዝውዝ። መዶሻው ያው ነው፤ አንዲት ግራም አልቀነሰም። ሁለተኛው ግን የልጅ መጫወቻ ይመስልሃል። ልዩነቱ ብረቱ ከእጅህ መራቁና መቅረቡ ብቻ ነው። የሁለቱ ጠመንጃዎችህ ጉዳይም ይኸው ነው። ረጅሙ ብረቱን ወደ ጫፍ ወስዶታል። አጭሩ መሃል ላይ ሰብስቦታል።

ነገሩን በእጅህ እንድታየው አንድ ነገር ሞክር። መጀመሪያ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው። ካዝናውን አውጣ፤ መጉረሻው ውስጥ ጥይት እንደሌለ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። «ባዶ ነው» ብለህ የምታውቀውንም ቢሆን። ከዚያ ከሥሩ አንድ ጣት አስገብተህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይደፋ የሚቆምበትን ቦታ ፈልግ። ጣት ካቃተህ በገመድ አንጠልጥለው። እዚያ ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የሚዛኑ ነጥብ ማለት እሱ ነው። ብዙዎቹ የአደን ጠመንጃዎች ላይ ከቃታው መከለያ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ወደ ፊት ይገኛል። ማለትም በሁለቱ እጆችህ መካከል ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ እጆች ጭነቱን ይካፈሉታል፤ ጠመንጃውም ወደ ትከሻ ሲመጣ በራሱ ፈቃድ የመጣ ይመስላል። ሰዎች «ይህ ጠመንጃ እጅ ላይ ይቀመጣል» የሚሉት ይህን ነው።

ነጥቡ ወደ ፊት ከሸሸ ጠመንጃው ይደፋል። ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ ጫፉ እንደ ላባ ይንሳፈፋል።

ጫፍ ላይ የሚጨመር ነገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በቁጥር እንየው። 4 ኪሎ ጠመንጃ አለህ እንበል። ከሚዛኑ ነጥብ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ፣ 300 ግራም የሚመዝን ድምፅ ማፈኛ ገጠምክበት። በሚዛን ላይ የጨመረው 7.5 በመቶ ብቻ ነው። የሚዛኑ ነጥብ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ትከሻህ ላይ ስታደርገው ግን ወዲያው ይታወቅሃል። ከዚህም የሚብስ አለ። ጠመንጃውን ወደ ጎን ለማዞር ስትሞክር የሚገጥምህ እምቢታ በርቀቱ ብቻ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ያው 300 ግራም ከነጥቡ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ በእምቢታው በኩል ልዩነቱ 36 እጥፍ ነው። ስድስት እጥፍ ራቀ፤ ሠላሳ ስድስት እጥፍ ገተረ።

እዚህ ላይ ነው የአንተ ጥያቄ ዋናው መልስ ያለው። የረጅሙ ጫፍ ጸጥ የሚለው በዚህ እምቢታ ምክንያት ነው። ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ፣ ልብ ሲመታ፣ ጣት ቃታ ላይ ሲንቀሳቀስ ትንንሽና ፈጣን ግፊቶች ይፈጠራሉ። ጫፉ ከባድ የሆነ ጠመንጃ እነዚህን አይሰማቸውም ማለት ይቻላል፤ እሺ ብሎ መንቀሳቀስ ሳይጀምር ግፊቱ አልፎ ይሄዳል። አጭሩ ግን ለሁሉም «አቤት» ይላል። ስለዚህ ይጨፍራል።

ግን አንድ ነገር አትሳት። ከባድ ጫፍ ፈጣኑን ንዝረት እንጂ ዝግታ ያለውን ውዝዋዜ አያጠፋም። ሰው ቆሞ ሲያነጣጥር መላ ሰውነቱ ወዲያና ወዲህ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ይህንን ብረት አይፈውሰውም። የሚፈውሰው እግር አቋቋምና ልምምድ ነው። ጀማሪዎች ጫፉ ጸጥ ሲልላቸው «አለቀ፣ ተገላገልኩ» ይሉና ጥይታቸው ግን ኢላማው ላይ በስፋት ተበትኖ ያገኙታል። ንዝረቱ ጠፋ፤ ውዝዋዜው ቀረ።

ታዲያ ክብደቱ መልካም ከሆነ እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል? ምክንያቱም እየተሸከምከው ያለኸው በጡንቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ ይደክማል፤ ሲደክም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ክብደት መጀመሪያ ላይ ያረጋጋል፣ ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ያረጋጋውን ያፈርሳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሰዓት ከሰው ሰው ይለያያል። ያንተ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው ብለሃል። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ደቂቃ ሙሉ ማነጣጠር ራሱ ስህተት ነው። ትንፋሽህን ይዘህ ከ8 ወይም ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየህ ዓይንህ መድከም፣ ልብህም መደለቅ ይጀምራል። ካልተኮስክ አውርደው፤ ተንፍስና እንደገና ጀምር።

የውድድር ተኳሾች እንዴት እንደሚችሉት ተመልከት። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ እስከ 5.5 ኪሎ ይፈቀዳል። በ50 ሜትሩ ውድድር እስከ 8 ኪሎ ድረስ የሚደርስ ጠመንጃ አለ። 8 ኪሎ! እነዚህ ሰዎች ክንዳቸው የብረት ሆኖ አይደለም። ቆመው ሲተኩሱ ወገባቸውን ወደ ኋላ ይለጥጣሉ፤ የግራ ክርናቸውን ዳሌያቸው ላይ ያሳርፋሉ። ጠመንጃውን የሚሸከመው ከእጅ እስከ እግር ድረስ የተደረደረ አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ አይንቀጠቀጥም። ግራ እጃቸውን ወደ ቃታው ጠጋ አድርገው ነው የሚይዙት። አንተ ምናልባት እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ፣ ክርንህን አየር ላይ ሰቅለህ ይዘኸው ይሆናል። እንዲያ ከሆነ 3 ኪሎውም ያንቀጠቅጥሃል።

በሌላው ጫፍ ባያትሎንን ውሰድ። ስፖርተኛው በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዝሎ ይሮጣል። እዚያ ደንቡ የሚገድበው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ጠመንጃው ከ3.5 ኪሎ ማነስ የለበትም። እንዲያው ቢለቁት ሁሉም ለሩጫው ሲል እየፋቀ ያቀለው ነበር። የኢላማዎቹ መጠን ደግሞ ቁም ነገር ያስተምርሃል። ርቀቱ ሁለቱም ጊዜ 50 ሜትር ነው። ተኝቶ ሲተኮስ ኢላማው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ቆሞ ሲተኮስ ግን 115 ሚሊ ሜትር ነው። ቆሞ መተኮስ ምን ያህል እንደሚከብድ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው አምነዋል። ስለዚህ ቆመህ ስትተኩስ ጫፉ ስለጨፈረብህ ራስህን አትውቀስ።

የራሴን ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ በጣም ቀላል የሆነ የተራራ ጠመንጃ ገዛሁ። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ጨምሮ 3 ኪሎ አይሞላም። ለሰው ሁሉ በአንድ እጄ እያነሳሁ አሳይ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሽቅብ ወጣሁ። ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ደስ አለኝ። እንስሳው ሲታየኝ ግን ልቤ ከአቀበቱ የተነሳ ይደልቃል። አነጣጠርኩ። በእያንዳንዱ የልብ ምት የመነጽሩ መስቀል ከእንስሳው ጀርባ ወደ ሆዱ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ሲነካካ ይታወቀኛል። ተንበርክኬ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሳልተኩስ ተመለስኩ። ሽቅብ ስወጣ ያመሰገንኩት ቅለት እዚያ ላይ ከዳኝ። ጠመንጃውን አልሸጥኩትም። ዛሬም አለኝ። ግን መደገፊያ ሳላገኝ አልተኩስበትም።

የሚንቀሳቀስ ኢላማ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብዙ ሰው «ለፈጣን ኢላማ ቀላል ጫፍ ይሻላል» ይላል። ለመጀመር አዎ፤ ቶሎ ይነሳል። ግን ቶሎ የሚነሳ ነገር ቶሎም ይቆማል። ኢላማውን እየተከተልክ ስትተኩስ፣ ቃታውን በሳብክባት ቅጽበት እጅህ ሳታውቀው ቆም ይላል። ቀላሉ ጫፍ ከእጅህ ጋር አብሮ ቀጥ ይልና ጥይቱ ከኢላማው ኋላ ያልፋል። ጫፉ ጠንከር ያለ ከሆነ ግን አንዴ ከተንቀሳቀሰ በራሱ ይሄዳል፤ እጅህ ቢሰንፍም ይሸፍንልሃል። በርቀት የሚያልፍ ኢላማ የሚተኩሱ ሰዎች ረጅም አፈሙዝ የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቅርብና ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ አጭሩ ይሻላል።

ስለ ርግጫ አልጠየቅከኝም፤ ግን ክብደት ተነስቶ ርግጫን መዝለል አይቻልም። ጥይቱና ከኋላው የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ወደ ፊት የወሰዱትን ያህል ግፊት ጠመንጃው ወደ ኋላ ይወስዳል። ይህ አይቀየርም። የሚቀየረው ጠመንጃው በምን ፍጥነት ወደ ትከሻህ እንደሚመጣ ነው። 9.7 ግራም አረር በሰከንድ 850 ሜትር የሚወረውር የ7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት እንውሰድ። 3.5 ኪሎ ጠመንጃ ላይ ትከሻህን የሚያገኝህ ጉልበት 20 ጁል ገደማ ነው። 2 ኪሎ ድንጋይ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ማለት ነው። ጠመንጃውን 4.5 ኪሎ ስታደርገው ወደ 16 ጁል ይወርዳል። ጥይቱ ያው፣ ባሩዱ ያው። ከርግጫው አንድ አምስተኛ ያህሉን ብረቱ ዋጠልህ።

ይህን ሂሳብ ብዙ ወታደር በትከሻው ተምሮታል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ የጦራቸውን ጠመንጃ ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4ን አሳጥረውና ብረቱን ፋቅ ፋቅ አድርገው ቁጥር 5 የሚባለውን የጫካ ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) አወጡ። ከ4 ኪሎ በላይ የነበረው ጠመንጃ ወደ 3.2 ኪሎ ወረደ። ጥይቱ ግን አልተቀየረም። ለመሸከም ምቹ ነበር፤ ሲተኮስ ግን ክፉኛ ይራገጥ ነበር። እንዲያግዝ ተብሎ የተደረገው የሰደፍ ላስቲክም ከተለመደው ሰደፍ ጠበብ ያለ ስለነበረ ግፊቱን በትንሽ ቦታ ላይ ሰብስቦ አባሰው። የአሜሪካኖቹ ኤም 14 ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳያል። በ4 ኪሎ ገደማ ክብደት ያንን ሙሉ የ7.62 ጥይት በተከታታይ ማርከፍከፍ ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ አብዛኞቹ በነጠላ እንዲተኩሱ ብቻ ተደርገው ታደሉ።

በተከታታይ ሲተኮስ ጫፉ ለምን ወደ ላይ ይነሳል? ግፊቱ የሚመጣው በአፈሙዙ መስመር ነው። ትከሻህ የሚቀበለው ግን ሰደፉ ባረፈበት ነው። ሰደፉ ከአፈሙዙ መስመር ዝቅ ካለ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ማንሻ ይሠራል። ጠመንጃው ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይዞራል። ኤም 16 ሰደፉን ከአፈሙዙ ጋር በአንድ መስመር ያደረገው ይህንን ለመቀነስ ነው። ጫፍ ላይ ያለ ክብደትም ያግዛል፤ ቅድም ያልኩት እምቢታ እዚህም ይሠራልና።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነገር ልምጣ። ጥይቱ ከአፈሙዝ ሳይወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጥይቱ በ60 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ብዙም አይዘልም። በዚያች ጊዜ ግን 3.5 ኪሎው ጠመንጃ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተጉዟል። በነዚያ 2 ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ጠመንጃው ምን ላይ እንዳረፈ፣ ትከሻህ ምን ያህል እንደጨበጠው፣ ጉንጭህ ምን ያህል እንደተጫነው ሁሉ ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይነካዋል። ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ጉዞው ይረዝማል፤ አያያዝህ ሲቀያየርም ጥይቱ አብሮ ይቀያየራል። ቀላል ጠመንጃ «አይመታም» ተብሎ የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ማሽን ላይ ሲታሰር ይመታል። ሰው እጅ ላይ ሲገባ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት አያያዝ ይፈልጋል። ቁጡ ነው።

የቃታውም ጉዳይ አለ። ቃታው ለመሳብ 2.5 ኪሎ ጉልበት የሚፈልግ ከሆነና ጠመንጃው ራሱ 3 ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ ጣትህ ጠመንጃውን ሙሉ በሙሉ ሊያነሳ የሚቀርበውን ያህል ጉልበት እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። ቃታውን ሳብኩ ትላለህ፤ ጠመንጃውን ነው የሳብከው። 5 ኪሎ ጠመንጃ ላይ ያው ቃታ ብዙም አያስቸግርም። ቃታ ማቅለል ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ከልክ በላይ የቀለለ ቃታ ጠመንጃው ሲወድቅ ወይም ሲጋጭ ሊለቅ ይችላል። በቤትህ በሞረድ አትነካካው።

ካዝናም ክብደት ነው፤ ያውም የሚቀያየር ክብደት። ኤኬኤም የሚባለው የክላሽንኮቭ ዓይነት ባዶውን 3.1 ኪሎ አካባቢ ነው። 30 ጥይት የጎረሰ የብረት ካዝና ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋው ጥይቱ ራሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያነሳኸው ጠመንጃና ካዝናው ሲያልቅ እጅህ ላይ ያለው ጠመንጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካዝናው ከቃታው ፊት ስለሆነ፣ ጥይቱ እየቀነሰ ሲሄድ ፊቱ እየቀለለ ይመጣል። እንደ ኦስትሪያው ስታይር ኤዩጂ ያሉት፣ ካዝናቸው ከቃታው ኋላ የሆነ ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ጥይቱ ሲያልቅ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሸሻል። በነገራችን ላይ እነዚህን ጠመንጃዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ሁሉ «ኧረ ይሄ ቀላል ነው!» ይላል። በሚዛን ግን ኤዩጂው 3.6 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከባዶው ኤኬኤም በግማሽ ኪሎ ይበልጣል። ክብደቱ ወደ ትከሻው ስለተጠጋ እጅ ይታለላል። ለዚህ ነው ባዶ ጠመንጃ አንስተህ «ይሄ ተመችቶኛል» ብለህ አትግዛ የምልህ። እንደምትተኩስበት አድርገህ፣ መነጽሩንና የተሞላ ካዝናውን ገጥመህ ሞክረው። ጥይት መሙላት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ ካዝናው ውስጥ የማስመሰያ ጥይት ይክተቱልህ።

መነጽር ከላይ ስለሚቀመጥ የሚዛኑን ነጥብ ወደ ላይ ይጎትታል። ከባድ መነጽር ከፍ ብሎ ከተገጠመ ጠመንጃው ወደ ጎን መጋደል ይወዳል። መጋደሉን ዓይንህ አያይም፤ በርቀት ስትተኩስ ግን ጥይትህ ወደተጋደለበት ጎን ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። መነጽሩ ጠመንጃውን ሳይነካ የቻለውን ያህል ዝቅ ይበል።

አሁን ወደ እርሳሱ። ጓደኛህ ያሰበው እንዲህ ነው፦ ፊቱ ከከበደ ኋላውን አክብደው፣ ይመጣጠናል። ጠመንጃውን መሃሉን ይዘህ ስትሸከመው ልክ ነው። ትከሻህ ላይ አድርገህ ስታነጣጥር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ረጅሙ ጠመንጃህ 4.1 ኪሎ ነው። የሚዛኑ ነጥብ ከሰደፉ መጨረሻ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ግራ እጅህ ደግሞ 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ይይዛል እንበል። ሰደፉ ትከሻህ ላይ አርፏል። ግራ እጅህ ላይ የሚወድቀው 4.1 ሲባዛ በ45፣ ሲካፈል ለ55፣ ማለትም 3.35 ኪሎ ያህል ነው። ቀሪውን ትከሻህና ቀኝ እጅህ ይይዙታል።

አሁን 300 ግራም እርሳስ ሰደፉ ውስጥ፣ ከመጨረሻው 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ክተት። የሚዛኑ ነጥብ ወደ 42 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል። ጓደኛህ ደስ ይለዋል። ግራ እጅህ ላይ ያለው ጭነትስ? 3.38 ኪሎ! አልቀነሰም፤ እንዲያውም ወደ 30 ግራም ጨመረ። የእርሳሱን ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉንም የተሸከመው ትከሻህ ነው። ለግራ እጅህ ምንም አላደረገለትም።

በተቃራኒው ከአፈሙዙ ጫፍ አካባቢ፣ ከሰደፉ 105 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ 150 ግራም ብትቀንስ ግራ እጅህ ላይ ወደ 290 ግራም ይቀልላል። የቀነስከው 150 ነው፤ እጅህ ያተረፈው ከዚያ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ይህን በቤትህ ማረጋገጥ ትችላለህ። የባዶውን ጠመንጃ ሰደፍ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈህ፣ ግራ እጅህ በሚይዝበት ቦታ በሚንጠልጠል ሚዛን ያዘው። የምታነበው ቁጥር ክንድህ የሚከፍለው ነው።

እርሳሱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። አጠቃላይ ክብደቱን ስለጨመረ ርግጫውን በ7 በመቶ ገደማ ይቀንስልሃል። ሁለቱም ጫፍ ስለከበደ ጠመንጃው ወደ ጎን ለመዞር የባሰ ይዘገያል፤ ለቆመ ኢላማ ይህ ጥሩ ነው። እንደ ውድድር ተኳሾቹ ግራ እጅህን ከሚዛኑ ነጥብ ኋላ፣ ቃታው አጠገብ የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል። ያኔ ጠመንጃው ከእጅህ ወዲያ ወደ ፊት ይደፋል፤ ሰደፉም ከትከሻህ ሊነሳ ይሞክራል። እርሳሱ ያንን ወደ ታች ይጎትትልሃል። ስለዚህ ለጓደኛህ ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛ ነህ አትበለው። ምናልባት እሱ እንደዚያ ይዞ ነው የሚተኩሰው።

እኔ ብሆን ረጅሙን እገዛለሁ። ኢላማ ተኳሽ ነኝ ብለሃል፤ ተራራ አትወጣበትም። ከዚያ እርሳስ ከመክተቴ በፊት ሁለት ሳምንት አያያዜ ላይ እሠራለሁ። ክርኔን ከአየር ላይ አውርጄ ጎኔ ላይ አሳርፋለሁ፤ እጄን ወደ ኋላ እስባለሁ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ አላነጣጥርም። ከዚያም ፊቱ ከደፋብኝ ሰደፉን አልቦረቡርም። 100 ግራም እርሳስ ሰደፉ ላይ ከውጭ በፕላስተር እለጥፍና እተኩስበታለሁ። ቀጥሎ 200፣ ቀጥሎ 300። ፕላስተር ቢነሳ አሻራ አይተውም፤ የተቦረቦረ እንጨት ግን አይመለስም። ሳልለጥፍና ለጥፌ የተኮስኩባቸውን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንተም እንደዚያ አድርግና ወረቀቶቹን ላክልኝ፤ አይተን እንነጋገርበታለን።